ወፍ ሁሉ የነጻነት ምሳሌ ነውን? ስለ ጋምቤላ የቃል ግጥም አተረጓጐም

በዘመናችን የሥነ ጽሑፍ ሒስ ውስጥ እንደ ወፍ ፈጥኖ የሚተረጐም ፍጥረት የለም። ተማሪው ግጥም ተሰጥቶት በውስጡ ክንፍ ያለው ነገር ሲያገኝ፣ አንብቦ ሳይጨርስ በኅዳጉ ላይ «ወፍ፤ የነጻነት ምሳሌ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም አይቶ ያልፈዋል። ይህ ትርጕም ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ በብዙ አገር ባለቅኔዎች ዘንድ ወፍ ነጻነትን ስታመለክት ኖራለችና። ነገር ግን በአንድ አገር እውነት የሆነው ምሳሌ ያለ ምርመራ በሌላው አገር ላይ ሲጫን፣ የግጥሙን ባለቤት አፍ ዘግቶ የተርጓሚውን አፍ የሚከፍት ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጋምቤላ ክልል በሚኖሩ ሕዝቦች፣ ይልቁንም በኑዌሮች አነጋገር ውስጥ ወፍ ምን እንደምትናገር መመርመር፣ ከዚያም የቃል ግጥም እየሰበሰብን ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች ሳናውቀው የምንፈጽመውን ስሕተት ማሳየት ነው። ስሕተቱን በሌላ ሰው ሥራ ላይ ያገኘሁት ሳይሆን እኔው ራሴ የፈጸምሁት ስለ ሆነ፣ ነቀፌታው አስቀድሞ ወደ ጸሐፊው እንዲመለስ አንባቢን እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ይህ የተለመደ ትርጕም ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። እኛ በውጭ አገር ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ከመጽሐፍ ያገኘናት ወፍ በአብዛኛው የ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ወፍ ናት። እንግሊዛውያኑ ባለቅኔዎች ኪትስ በ1819 እ.ኤ.አ.፣ ሼሊም በ1820 እ.ኤ.አ. ስለ ወፍ በጻፏቸው በታወቁት ግጥሞቻቸው፣ ድካምና ሞት ከሚያስጨንቀው ከሰው ኑሮ በላይ የምትዘምር ፍጥረት አዩ። ከዚያ በኋላ ምሳሌው ባሕር ተሻግሮ ጠበቀ። ወላጆቹ በባርነት የኖሩት አሜሪካዊው ጥቁር ባለቅኔ ፖል ሎረንስ ደንባር በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግጥም በሽቦ ቀፎ ውስጥ ስለ ተዘጋባት ወፍ ጻፈ፤ ማያ አንጀሉም በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍ ርእስ የወሰደችው ከዚያው ግጥም ነው። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ምሳሌው በተገቢው ስፍራ የቆመ ነው፤ ምክንያቱም ከወፏ ጋር ቀፎውም አብሮ ተጽፏል። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ይኸው ነው። ወፍን የነጻነት ምሳሌ የሚያደርጋት ክንፏ ብቻ ሳይሆን የተዘጋባት በር ነው። በሩ በሌለበት፣ ወጥመዱም ባልተነገረበት ግጥም ውስጥ የምትበርን ወፍ ሁሉ ከእስር እንዳመለጠች አድርጎ ማንበብ፣ ያልተጻፈ ቀፎ ሠርቶ በግጥሙ ላይ መጨመር ነው።

ወደ ገዛ ቋንቋችን ተመልሰን ሕዝቡ ዕለት ዕለት ከሚናገረው ብንጀምር፣ ወፍና ነጻነት እምብዛም አብረው አይገኙም። በእርሻ አገር ወፍ አስቀድሞ የእህል ጠላት ናት፤ ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው የሚጠብቁት ከርሷ ነው፤ የግሪሳ መንጋ የወረደበት ማሳ ባለቤትም የመንጋውን ክንፍ እያየ ነጻነትን አያስብም። ማንም ሳይዘራው የበቀለውን ቡቃያ «ወፍ ዘራሽ» እንለዋለን። ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ሲቆም «ወፌ ቆመች» እየተባለ ይጨበጨብለታል፤ እዚህ ላይ ደስታው ወፏ በመብረሯ ሳይሆን በመቆሟ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በደርግ ዘመን፣ ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የእስረኛን እጅና እግር ጠፍሮ በእንጨት ላይ ዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን መግረፍ «ወፌ ላላ» ይባል ነበር። እንግዲህ በአንዱ ቃል ሕፃን ይቆምበታል፣ ሰውም ይሰቃይበታል ማለት ነው። ምሳሌያዊ አነጋገራችንም «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ሲል፣ ወፍን የሚያያት አገር እንደሌላት በራሪ ሳይሆን የአገሯን ቋንቋ እንደምትናገር ፍጥረት ነው።

ከመጻሕፍት ወገን ብንመለከትም የወፏ ነገር አንድ መልክ ብቻ ያለው አይደለም። በቀድሞው ትምህርት ቤት ንባብ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ዳዊት ሦስት ዓይነት ወፍ ያሳየናል። በ54ኛው መዝሙር የተጨነቀ ሰው የርግብ ክንፍ ይመኛል፤ የሚመኘውም ርቆ በምድረ በዳ ለማረፍ ነው። በ123ኛው መዝሙር ነፍስ ከአዳኞች ወጥመድ እንዳመለጠች ወፍ ትመሰላለች፤ ይህ በእውነት የነጻነት ወፍ ነው፣ ወጥመዱም ተሰብሮ አጠገቧ ተጽፏል። በ83ኛው መዝሙር ግን ወፍ የምትመሰገነው በቤተ መቅደሱ አጠገብ ጎጆ በማግኘቷ ነው። በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ደግሞ ሦስት ወፎች በሰው አንደበት አናግረውት ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንደ ወሰዱትና በዚያ የሰማውን ዜማ ይዞ እንደ ተመለሰ ይተረካል። እነዚህ ወፎች ያሬድን ከሥርዓት አላወጡትም፤ ይልቁንም ሥርዓት ሰጥተው መለሱት። ስለዚህ ከገዛ ቤታችን እንኳ ወፍ አንድ ጊዜ የማምለጥ፣ አንድ ጊዜ የማረፍ፣ አንድ ጊዜ የቤተኛነት፣ አንድ ጊዜም የላይኛው ዓለም መልእክተኛ ምሳሌ ሆና ተገኝታለች።

ስለ «ነጻነት» ቃል ራሱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ነጻ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ነጽሐ» ጋር የተዛመደ ነው፤ ሥሩም ንጹሕ መሆን፣ ከነውርና ከዕዳ መጥራት ነው። «አርነት» ደግሞ ከባርነት የመውጣት ስም ነው። በሁለቱም ቃላት ውስጥ መብረር የለም። አንዱ የተጻፈበትን ዕዳ የሚፍቅ፣ ሁለተኛው ከጌታ እጅ የሚያወጣ ነው፤ ሁለቱም በምድር ላይ፣ በሰዎች መካከል የሚፈጸሙ ናቸው። ወፍን ከነጻነት ጋር ማጋባት እንግዲህ ለአማርኛም ቢሆን በተፈጥሮ የተሰጠ ነገር ሳይሆን፣ በትምህርትና በንባብ የመጣ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንውረድ። ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሚገኘው ይህ ቆላ አኝዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ የሚባሉት ሕዝቦች የሚኖሩበት፣ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ የሚፈሱበት አገር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገው የወሰን ውል ኑዌሮችንና አኝዋዎችን ለሁለት ከፈላቸው፤ በዚያው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የቆመው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያም ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ በሱዳን መንግሥት ሥር ቈየ። ይህን የፖለቲካ ታሪክ ያነሣሁት ለሒሳችን ጕዳይ ስላለው ነው። ስለ ኑዌሮች እምነትና አነጋገር በሰፊው የተጻፈው ጥናት የተጠናው በወሰኑ ማዶ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ነው፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተቀምጠን የጋምቤላን ግጥም በአማርኛ የምናነብ ሰዎች ግጥሙ ዘንድ የምንደርሰው ብዙ ጊዜ በሁለት የባዕድ መነጽር ነው፤ አንዱ የእንግሊዝኛው ጥናት፣ ሌላው ከደጋ ይዘነው የወረድነው የራሳችን ልማድ ነው።

የእንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ የኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ሃይማኖት የጻፈው መጽሐፍ በ1956 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት ያከራከረ አንድ የኑዌሮች አባባል ይገኛል፤ ይኸውም መንታ ልጆች ወፎች ናቸው የሚለው ነው። ኑዌሮች «እንደ ወፍ ናቸው» አይሉም፤ «ወፍ ናቸው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን መንቈርና ላባ አላቸው ማለታቸው አይደለም፤ በዕለት ኑሮም መንታውን እንደ ማንኛውም ሰው ይመለከቱታል። ነገሩ የሚፈታው ሦስተኛ ወገን ሲጨመር ነው። ወፍ በአየር ላይ ስለምትሄድ፣ ኑዌሮች ኩዎት ብለው የሚጠሩትና በላይ የሚኖረው አምላክ ልጅ ትባላለች፤ መንታም ልደቱ ከተለመደው የሰው ልደት የተለየ ስለ ሆነ የኩዎት ልጅ፣ የላይ ሰው ይባላል። ስለዚህ መንታና ወፍ በመልክ የሚመሳሰሉ ሳይሆኑ በአባት የተዛመዱ ናቸው። ዝምድናውም ግዴታ አለበት፤ መንታ የወፍ ሥጋ ወይም እንቍላል ቢበላ የገዛ ዘመዱን እንደ በላ ይቈጠርበታልና አይበላም። ከመንታዎቹ አንዱ በሕፃንነቱ ቢሞት፣ ሞተ አይባልም፤ በረረ ይባላል። ሬሳውም እንደ ሌላ ሰው ሬሳ አይቀበርም፤ በሸንበቆ ቅርጫት ሆኖ በዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ይቀመጣል፤ የወፍ ማረፊያ ዛፍ ነውና። ጥንብ የሚበሉ አሞሮች እንኳ መጥተው አይተውት፣ ዘመዳቸው መሆኑን ዐውቀው ሳይነኩት ይመለሳሉ ይባላል።

አንባቢው አሁን «በረረ» የሚለው ቃል በዚህ አገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አስተውሏል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ የስሙ ነገር ነው። ለመንታ ልጆች የሚወጡት የወፍ ስሞች በሰማይ የሚንሳፈፈው የንሥር ስም አይደሉም፤ ጅግራና ቆቅ የመሳሰሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ሣር ለሣር የሚሮጡ ወፎች ስሞች ናቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ቶቴሚዝም ባሳተመው መጽሐፍ የኢቫንስ ፕሪቻርድን ማስረጃ አንሥቶ ምክንያቱን አብራርቶታል። መንታ ከሌላው ሰው ጋር ሲነጻጸር የላይ ነው፤ ከአምላክ ጋር ሲነጻጸር ግን የምድር ነው፤ እንዲሁም ጅግራና ቆቅ በወፍነታቸው የላይ ወገን ሲሆኑ ከሌሎች ወፎች ጋር ሲነጻጸሩ የታች ናቸው። መንታው በሰውና በአምላክ መካከል ያለውን ስፍራ ምድር ለምድር የሚሄደው ወፍ በወፎች መካከል ይዞታል። እንግዲህ የነጻነትን ትርጕም እዚህ የሚያመጣ ሰው በዚህ ላይ ምን ይላል? ስሙ የተመረጠው በመብረር ብዛት አይደለም፤ በመብረር ማነስ ነው።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በየትውልድ አገራቸው የሚያውቁትን የቃል ግጥም ጽፈው ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ባዘዝኋቸው ጊዜ፣ ያነበብሁት አልታሰበኝም። ከጋምቤላ የመጣ አንድ የኑዌር ተማሪ አንዲት እናት የምታዜመውን አጭር ግጥም አቀረበ። በግጥሙ ውስጥ አንዲት በረረች፤ እናቲቱም ወደ ዛፉ እያየች ትናገራለች። ትርጕሙ ጥሩ ነበርና በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ያማረ የነጻነት ምሳሌ፤ ወፏ የሴቲቱ የነጻነት ምኞት ናት» ብዬ ጻፍሁ። ተማሪው ከትምህርቱ በኋላ ወረቀቱን ይዞ ቀረበና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ ይህች በረረች የተባለችው ሕፃን ናት፤ መንታ ነበሩ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ግጥሙን እዚህ አላትመውም፤ የአንድ ቤት ኀዘን ነውና። ነገር ግን የጻፍሁት ማስታወሻ የሠራውን ሥራ መናገር እችላለሁ። እናት ልጇን ያለቀሰችበትን ቃል ወስጄ ስለ ራሷ የተመኘችው ነገር አደረግሁት። የሞተችውን ሕፃን ከግጥሙ ውስጥ አወጣኋት። ያቺ እናት ማስታወሻዬን ብታነበው ኖሮ፣ የልጇን ሞት እንደ መልካም ምኞት ቈጥሬ እንዳመሰገንሁላት ትረዳ ነበር።

ይህ የአንድ መምህር የንባብ ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልተጻፈም ነበር። ነገር ግን የቃል ግጥም ሲሰበሰብ የሚሆነው ሌላ ነው። ግጥሙ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መድበል፣ ከመድበልም ወደ መማሪያ መጽሐፍ ይሄዳል፤ የተርጓሚው ማስታወሻም አብሮት ይሄዳል። ከሃያ ዓመት በኋላ የዚያ መንደር ልጅ የአያቱን ለቅሶ በትምህርት ቤት የሚያነበው በእኛ ማስታወሻ ተመርቶ ይሆናል። ያን ጊዜ «ወፏ የምን ምሳሌ ናት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ትክክል ተብሎ ነጥብ የሚሰጠው «የነጻነት» ብሎ ለመለሰው ነው፤ «የአክስቴ» ያለው ልጅ ይወድቃል።

አንድ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን እንደሚገጥመው ከራሳችን ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እኛ ስለ ሞተ ሰው በክብር ስንናገር «ዐረፉ» እንላለን። አንድ የውጭ አገር ተርጓሚ ይህን ቃል አግኝቶ «አዛውንቱ ደክሟቸው ጥቂት ተቀመጡ» ብሎ ቢመልሰው እንስቃለን፤ በዚያም ላይ «ኢትዮጵያውያን ከሥራ ዕረፍትን አብዝተው እንደሚመኙ ያሳያል» ብሎ ቢጨምርበት እንቈጣለን። «በረረች» የሚለውን የኑዌሮች ቃል ያለ ማስታወሻ ትተን ወይም በነጻነት ተርጕመን ስናልፍ የምንፈጽመው ይህንኑ ነው። በሌላ በኩል «ሞተች» ብሎ መመለስም መፍትሔ አይሆንም፤ ኑዌሮቹ ሆን ብለው ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው ማግባት ነውና። እዚህ ላይ የሰምና ወርቅ ልማዳችንም ያሳስተናል። እኛ ወፏን ሰም፣ ነጻነትን ወርቅ አድርገን ሰሙን ለማቅለጥ እንቸኵላለን። በኑዌሮቹ አባባል ውስጥ ግን ወፏ ቀልጣ የምትጠፋ ሰም አይደለችም፤ እስከ መጨረሻው ወፍ ሆና የምትቈይ ዘመድ ናት።

ደግሞም በናይል ሸለቆ ሕዝቦች ግጥም ውስጥ ወፍ የምትገባበት ሌላ በር አለ፤ እርሱም ከብት ነው። በኑዌሮችና በጎረቤቶቻቸው በዲንቃዎች ዘንድ ጐልማሳ በሚወደው በሬ ስም ይጠራል፤ ለበሬውም ይዘፍንለታል። የበሬው ስም የሚወጣው ከመልኩ ነው፤ መልኩም ብዙ ጊዜ በዱር አራዊትና በወፍ ይመሰላል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ንጎክ ዲንቃ የከብት ስሞች ባወጣው ጥናት፣ ጎድፍሬ ሊንሃርትም በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ዲንቃ ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በስፋት አሳይተዋል። ለምሳሌ በዲንቃዎች ዘንድ አካሉ ጥቁር ሆኖ ራሱ ነጭ የሆነ በሬ ማኩዌይ ይባላል፤ ስሙ ራሰ ነጭ ከሆነው፣ በወንዝ ዳር ከሚኖረው ዓሣ አዳኝ ንሥር የተወሰደ ነው። እንዲህ ባለ ዘፈን ውስጥ ንሥር ሲጠራ የሚሰማው ሰው በዐይነ ልቡናው የሚያየው በሬ ነው፤ በበሬውም ውስጥ ጐልማሳውን፣ ጐልማሳው የሚያገባበትን ጥሎሽ፣ በሬውን የሰጠውን አባት ያያል። ከዘመድ ሐረግ የተፈታ ብቸኛ በራሪ ከዚህ ዘፈን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ንሥሩ የሚያስረው ነው እንጂ የሚፈታው የለም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ ይህ ሁሉ ነጻነት ለጋምቤላ ሕዝቦች እንግዳ አሳብ እንደ ሆነ ያስመስላል የሚል ነው። እንዲህ ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። የዚህ ቆላ ሕዝቦች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከደጋ በሚወርድ የባሪያ ፈንጋይ ተጠቅተዋል፤ ባርነትን የሚሽረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት አርነት ለእነርሱ የመጽሐፍ ቃል ሳይሆን የዕለት ጕዳይ ነበር። አኝዋዎችም አገም የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ለጋስነቱ ያለቀ፣ ሕዝቡን ያሳዘነ የመንደር አለቃ ሲኖር፣ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደውና ከዚያው ዘር ሌላውን ያስቀምጣል። ስለ እርሱም ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ሊንሃርትም በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ነጻነትን በጋምቤላ የሚፈልግ ሐያሲ እንግዲህ ስለ አለቃ መውረድ፣ ስለ ግብዣና ስለ ንፉግነት የሚነገረውን ቃል ያድምጥ። እዚያ ያገኘዋል፤ ክንፍ ግን የለውም፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ይከራከራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ምሳሌ ይሰደዳል፣ ይለወጣልም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ዛሬ ከኑዌሮች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የቀድሞው የመንታ ሥርዓትም በየስፍራው እንደ ነበረ አይገኝም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ስደተኞች ወሰኑን ተሻግረው በጋምቤላ መጠለያዎች ሰፍረዋል፤ ከልጆቻቸውም በእንግሊዝኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ የሚጽፉ አሉ። ከነዚህ አንዱ ስለ ወሰን፣ ስለ ወረቀትና ስለ ኬላ ጽፎ ወፍን የነጻነት ምሳሌ ቢያደርጋት ሙሉ መብት አለው፤ በሩን እርሱ ራሱ ጽፎታልና። እንዲያውም የአያቱን ወፍና በትምህርት ቤት ያገኛትን ወፍ በአንድ ግጥም ውስጥ ያገናኛቸው ይሆናል፤ ያን ጊዜ «በረረ» የሚለው ቃል መሄድንም ሞትንም በአንድነት ይሸከማል፤ ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ቃል ለስደተኛ ግጥም አይገኝም። ነገር ግን ይህን ጥልቀት የሚሰማው የመጀመሪያውን ወፍ የሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው። ነጻነትን ብቻ የለመደ ጆሮ ከሁለቱ ድምፆች አንዱን አይሰማም። ስለዚህ የምሳሌ መለወጥ ጥንቃቄን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያጠብቅ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ለሰብሳቢዎችና ለተርጓሚዎች የማቀርበው ምክር አጭር ነው። የመጻሕፍት መምህሮቻችን በአንድምታ ትርጓሜ አስቀድመው ንባቡን ያቃናሉ፤ ቀጥለው ታሪኩን ይናገራሉ፤ «አንድም» እያሉ ምሥጢር የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ወፍ ባለችበት ግጥም ሁሉ ይህን ሥርዓት ብንከተል መልካም ነው። መጀመሪያ ወፏ ማን እንደ ሆነች በአገሩ ቋንቋ ስሟ ይጻፍ፤ ጅግራና ንሥር፣ ሽመላና ግሪሳ አንድ አይደሉም፤ «ወፍ» ብሎ ማለፍ ሰውን ሁሉ «አንድ ሰው» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ ቃሉን ማን ስለ ማን፣ ለማን፣ በምን ጊዜ እንደሚናገረው ይጠየቅ፤ ለቅሶ፣ የከብት ዘፈን፣ የሕፃን ማጫወቻና የመዝሙር ቤት ዜማ አንዲቱን ወፍ በአራት መንገድ ይጠሯታል። ሦስተኛ፣ ወፏ በግጥሙ ውስጥ የምትሠራውን ብቻ እንመልከት፤ ካረፈች ማረፏን፣ ካየች ማየቷን፣ ከበረረችም ወደ ማን እንደ በረረች እንጻፍ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነጻነት በግጥሙ ውስጥ ቢገኝ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ባይገኝም ግጥሙ ስላነሰ አይደለም።

ያ ተማሪ ትርጕሙን አስተካክሎ ባመጣ ጊዜ «በረረች» የሚለውን ቃል እንዳለ ትቶ፣ ከግጥሙ በታች «መንታ ነበረች» የሚል አጭር ማስታወሻ ጨምሮበት ነበር። ከሁለት ቃል በላይ አላስፈለገውም። እኔም በኅዳጉ የጻፍሁትን ሠርዤ ወረቀቱን መለስሁለት።